ትራንዚሽን ምንድን ነው?

«ትራንዚሽን አታብዙ» የሚል ምክር በየፓወርፖይንት ሥልጠናው ይሰማል። ለማስረጃ የሚታየው ግን አብዛኛውን ጊዜ ፊደል በፊደል እየተሽከረከረ የሚገባ ርዕስ ነው። ያ አኒሜሽን ነው! አኒሜሽን በአንድ ስላይድ ውስጥ ያለ ነገር ሲንቀሳቀስ ነው፤ ትራንዚሽን ግን አንዱ ስላይድ ለሚቀጥለው ቦታ የሚለቅበት መንገድ ነው። ሁለቱን ያምታታ ሰው ምክሩን ሰምቶ ደህናውን ትራንዚሽን ያጠፋና የሚሽከረከረውን ርዕስ እንዳለ ይተወዋል።

የድሬዳዋ ሰው ይህን ለመረዳት አይቸገርም። ከዚራ ውስጥ ከአንዱ ጎዳና ወደ ሌላው ብትታጠፉ ሰፈሩ ያው ከዚራ ነው። የደቻቱን ወንዝ ተሻግራችሁ መጋላ ስትገቡ ግን ሰፈር ለውጣችኋል። በአንድ ርዕስ ሥር ላሉ ስላይዶች ምንም አያስፈልግም፤ ካስፈለገም የ0.5 ሰከንድ ፌድ (አንዱ ስላይድ ደብዝዞ ሌላው የሚተካበት ትራንዚሽን) ይበቃል። ርዕስ ሲለወጥ ነው ደቻቱን መሻገር፦ ፌድ መርጣችሁ በኢፌክት ኦፕሽንስ በጥቁር በኩል እንዲያልፍ አድርጉ፣ ዱሬሽኑን (የሚፈጅበትን ጊዜ) 1 ሰከንድ ሙሉት። በየመታጠፊያው ወንዝ ቢኖር ደቻቱ የቱ እንደሆነ ማን ይለየው ነበር? አንዱን ትራንዚሽን ለሁሉም ስላይድ የሚሰጠውን «አፕላይ ቱ ኦል» ሲጫኑ የሚሆነው ይኸው ነው።

መሻገሪያው፣ ማለትም ትራንዚሽኑ፣ የሚመዘገበው በምትደርሱበት ዳር ነው። በ4ኛውና በ5ኛው ስላይድ መካከል እንዲታይ ከፈለጋችሁ የምትመርጡት 5ኛውን ነው። 4ኛውን ከመረጣችሁ ከ3 ወደ 4 ስታልፉ ይመጣል። 5ኛውን ወደ ሌላ ቦታ ብትወስዱትም ትራንዚሽኑን ይዞ ይሄዳል።

«እንቅስቃሴ ከሌለ አድማጭ ይተኛል» ብሎ የሚከራከር አለ። እንቅስቃሴ ዓይን ይስባል፣ እውነት ነው፤ ግን የሚስበው ከተናጋሪው ነጥቆ ነው። ለ30 ስላይድ 2 ሰከንድ ብትመድቡ አንድ ሙሉ ደቂቃ ሰው የሚሽከረከር ሳጥን ያያል። 15 ደቂቃ ለተሰጠው ጥናት አቅራቢ ይህ ትልቅ ኪሳራ ነው። የሚሽከረከር ነገር ሲያዩ ቶሎ የሚያዞራቸው ሰዎችም በአዳራሹ ውስጥ እንዳሉ አትርሱ።

እንቅስቃሴው ራሱ ነገር ሲናገር ግን ሌላ ነው። ባቡሩ ከጅቡቲ ተነሥቶ በ1902 እ.ኤ.አ. ድሬዳዋ፣ በ1917 አዲስ አበባ ደረሰ። ይህን ለማሳየት ካርታ ያለበት ስላይድ ሠርታችሁ ድሬዳዋ ላይ ቀይ ነጥብ አድርጉ፤ ስላይዱን በኮንትሮል ዲ አባዙት፤ በሁለተኛው ላይ ነጥቡን ወደ አዲስ አበባ ጎትታችሁ ሞርፍ የተባለውን ትራንዚሽን ስጡት፤ ሞርፍ በሁለት ስላይዶች ላይ ያለውን አንድ ነገር ከቦታ ወደ ቦታ ያንቀሳቅሳል። ነጥቡ በመስመሩ አቅጣጫ ሲሄድ ይታያል። የድሮውን ነጥብ ሰርዛችሁ አዲስ ከሳላችሁ ግን ፓወርፖይንት አንድ መሆናቸውን ላያውቅ ይችላል፤ ያኔ አንዱ ደብዝዞ ሌላው ብቅ ይላል። መፍትሔው በሴሌክሽን ፔን (በስላይዱ ላይ ያሉት ነገሮች በስም የሚዘረዘሩበት ሳጥን) ሁለቱንም «!!ባቡር» ብሎ መሰየም ነው፤ ሁለቱ ቃለ አጋኖዎች ከስሙ ፊት መሆን አለባቸው።

ሞርፍ በቆየ ፓወርፖይንት ላይ ወደ ፌድ ይወርዳል፣ ፒዲኤፍ ላይ ጨርሶ ይጠፋል፣ በዙም ኔትወርክ ሲደክም ይቆራረጣል። ስለዚህ በራሳችሁ ላፕቶፕ ማየት ብቻ አይበቃም፤ በአዳራሹ ኮምፒውተር ላይ ሞክሩት። ስላይዱ ሳትነኩት ከሮጠ ስላይዱን በተወሰነ ጊዜ በራሱ የሚያሳልፈው «አፍተር» የሚለው ሳጥን ላይ ምልክት አለ ማለት ነው፤ ሁሉንም ስላይዶች በኮንትሮል ኤ መርጣችሁ አንሡት፣ «ኦን ማውስ ክሊክ» ላይ ያለው ምልክት ብቻ ይቆይ።