ፓኬቱ ላይ ያለው «168 ሰዓት» ከመቼ ጀምሮ ነው የሚቆጠረው?

እዚህ ሐዋሳ የኤሌክትሮኒክስ ቦርድ በምንሠራ ልጆች መሃል ይሄ ጥያቄ ስለተደጋገመ አንዴ ላስረዳ። ቺፑ የመጣበት ብርማ ፓኬት ላይ ኤምኤስኤል 3 (ቺፑ ለእርጥበት ምን ያህል ስሱ እንደሆነ የሚናገር ደረጃ ነው) የሚል ካለ፣ 168 ሰዓት ማለት ፓኬቱ ከተከፈተበት ደቂቃ አንስቶ ቺፑ እስኪበየድ ድረስ አየር ላይ መቆየት የሚችልበት ጊዜ ነው። ከተገዛበት ቀን አይደለም። ያውም ክፍሉ ከ30 ዲግሪ፣ እርጥበቱም ከ60 በመቶ ካልበለጠ ነው፤ ክረምት ላይ ሐይቁ ዳር መስኮት ከፍቶ ለሚሠራ ሰው ሰዓቱ ሊያጥር ይችላል።

ለምን መሰላችሁ? የቺፑ ጥቁር ፕላስቲክ ከአየር እርጥበት ይመጥጣል። መበየጃው ምድጃ ውስጥ ሲገባ ያ እርጥበት ድንገት እንፋሎት ይሆንና ቺፑን ከውስጥ ይሰነጥቀዋል። አንዳንዴ ጧ ሲል ይሰማል፣ ብዙ ጊዜ ግን ከላይ ምንም አይታይም፤ ቦርዱ ተፈትሾ ይሠራና ደንበኛው እጅ ከገባ በኋላ ይሞታል። እኔን የሚያንገበግበኝ ይሄ ነው።

ለምሳሌ ሰኞ ጠዋት 3 ሰዓት ከፍታችሁ ረቡዕ ጠዋት 3 ሰዓት አዲስ ሲሊካ ጄል (እርጥበት መጣጩን) ጨምራችሁ በደንብ ብታሽጉት፣ 48 ሰዓት ሄዷል፣ 120 ይቀራል። የተኛችሁበት ሌሊትም ይቆጠራል። ማሸጉ ቆጠራውን ያቆመዋል እንጂ ወደ ዜሮ አይመልሰውም።

ጊዜው ካለፈ መፍትሄው ማድረቅ ነው። ስንት ሰዓት የሚለው እንደ ቺፑ ውፍረት ስለሚለያይ ፓኬቱን አንብቡ። ሙቀት በሚችል ትሪ ላይ ያለው በ125 ዲግሪ ይደርቃል። በሪል፣ ማለትም ቴፕ ላይ ተደርድሮ ተጠቅልሎ፣ የመጣውን ግን እንዲህ አታስገቡት፣ ቴፑ ይበላሻል፤ እሱ በ40 ዲግሪ፣ በጣም ደረቅ አየር ውስጥ፣ ቀናት ይፈልጋል።