ከጣት ጠብታ እስከ አገራዊ አኃዝ፦ ስለ ሄሞግሎቢን መረጃ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

እ.ኤ.አ. በ2011 በተካሄደው የኢትዮጵያ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ከ6 እስከ 59 ወር ዕድሜ ካላቸው ሕፃናት 44 በመቶው የደም ማነስ እንዳለባቸው፣ ከጣት በተወሰደ ደም ሄሞግሎቢናቸው (በደም ውስጥ ኦክስጅን የሚሸከመው ፕሮቲን) ተለክቶ ተገልጾ ነበር፤ በ2016ቱ ጥናት አኃዙ 57 በመቶ ደረሰ። ልዩነቱ በሙሉ በሕፃናቱ ጤና ላይ የደረሰ ለውጥ ነው ብሎ ማሰብ ግን ችኮላ ነው። በእርግጥ ጊዜው የድርቅ ጊዜ ነበር። ሆኖም በዚያው ሰሞን ከክንድ ደም ሥር በተቀዳ ደም የሠራው ብሔራዊ የማይክሮኑትሪየንት (የቫይታሚንና የማዕድናት) ጥናት ያገኘው 34 በመቶ ገደማ ስለሆነ፣ ከምክንያቱ አስቀድሞ ልኬቱን መጠየቅ ይገባል።

ስለ ሄሞግሎቢን መለኪያው «መሣሪያው ዲጂታል ነውና አይሳሳትም» ይባላል። ስህተቱ ግን አብዛኛውን ጊዜ የሚጀምረው ከጣቱ ነው። ጣቱ ከቀዘቀዘ ወይም በደንብ ካልተወጋ ደሙ አልወርድ ይላል፤ ባለሙያው ሲጨምቀው ከሥጋው የሚወጣ ፈሳሽ ደሙን ያቀጥነውና ሄሞግሎቢኑ ከእውነቱ ዝቅ ብሎ ይነበባል። የመጀመሪያዎቹ ጠብታዎች ተጠርገው ሦስተኛው እንዲወሰድ የሚመከረውም ጠብታ ከጠብታ ስለሚለያይ ነው። ኩቬቱ (ደሙ ገብቶ የሚለካበት ትንሽ መያዣ) ውስጥ የአየር አረፋ ቢገባም ማሽኑ ሳያቅማማ ቁጥሩን ያወጣል።

ከሁሉም የሚከፋው ግን «ናሙናው ብዙ ከሆነ ስህተቱ እርስ በርሱ ይጣፋል» የሚለው ነው። ወደ ላይም ወደ ታችም የሚዛነፍ ስህተት አማካዩን ባይነካ እንኳ ሥርጭቱን ያሰፋዋል። የሄሞግሎቢን አማካያቸው 13.2 ግራም በዴሲሊትር የሆነ ሴቶችን እንውሰድ፤ መደበኛ ልይይቱ (ውጤቶቹ ከአማካዩ ምን ያህል እንደሚበተኑ የሚያሳየው መለኪያ) 1.2 ሲሆን ከ12 በታች ወርደው የደም ማነስ አለባቸው የሚባሉት 16 በመቶ ያህል ናቸው፤ በልኬት ስህተት ብቻ ወደ 1.8 ቢሰፋ 25 በመቶ ይሆናሉ፣ አንዲትም ሴት ሳትታመም! ስለዚህ መደበኛ ልይይቱ ከተለመደው ከ1.1 እስከ 1.5 ክልል ሲወጣ መጠርጠር ተገቢ ነው። ከ4 በታችና ከ18 በላይ ያሉትን ውጤቶች መሰረዝም ይህን አይፈውስም፤ የተዛባው ልኬት አብዛኛው በመካከል ተደብቋል።

ከፍታን «ጥቃቅን ማስተካከያ» የሚሉም አሉ። 2,300 ሜትር ገደማ ላይ በምትገኘው አዲስ አበባ 12.5 የተነበበላት ነፍሰ ጡር ያልሆነች ሴት ጤነኛ ትመስላለች፤ በከፍታ ቦታ ሰውነት ሄሞግሎቢኑን ስለሚጨምር ለከፍታው ከ1 ግራም በላይ ሲቀነስላት ግን ከ12 በታች ትወርዳለች።