ጓሮ ውስጥ ዓሣ ማርባት፦ የተሳሳቱ አመለካከቶችና እውነታው

ሰበታ፣ ቡራዩ፣ ለገጣፎ አካባቢ ትንሽ ጓሮ ያላቸው ሰዎች ስለ አኳፖኒክስ ሲጠያየቁ እሰማለሁ፤ ደስም ይለኛል። አኳፖኒክስ ዓሣና አትክልትን በአንድ ውሃ ማሳደግ ነው። የዓሣው ገንዳ ውሃ በፓምፕ ጠጠር ወደተሞላው የአትክልት መደብ ይወጣል፤ እዚያ ተጣርቶ ተመልሶ ወደ ዓሣው ይወርዳል። ግሩም ሐሳብ ነው። ችግሩ፣ ሰው የሚማርባቸው ቪዲዮዎች አብዛኞቹ የተቀረጹት በሞቃት አገር ነው። እኛ ያለነው ከባሕር ጠለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ ነው። ከታች የማነሳቸው ስህተቶች ብዙዎቹ የሚመጡት ከዚህ ልዩነት ነው።

«ቆሮሶ የትም ይኖራል፤ በስድስት ወር ለገበያ ይደርሳል»

ቆሮሶ፣ ማለትም ቲላፒያ፣ ብዙ ነገር የሚችል ዓሣ ነው። ብርድ ግን አይችልም። በደንብ የሚበላውና የሚያድገው ውሃው ከ27 እስከ 30 ዲግሪ ሲሆን ነው። ከ16 ወይም ከ17 ዲግሪ በታች መብላት ያቆማል። ወደ 10 ሲጠጋ መሞት ይጀምራል።

እስቲ የጥቅምትን ሌሊት አስቡት። «በጥቅምት አንድ አጥንት» ሲባል ያደግንበት አገር ነው። ደጅ ላይ የቆመ ሮቶ ውሃው እስከ ጥር ድረስ ጠዋት ጠዋት እጅ ያደነዝዛል። ክረምትም ሲመጣ ፀሐይ ስለምትጠፋ ውሃው ቀኑን ሙሉ ሳይሞቅ ይውላል። ስለዚህ በዝዋይ ወይም በአርባ ምንጭ ሙቀት በወራት የሚደርሰው ዓሣ እዚህ ከዓመት በላይ ሊፈጅ ይችላል።

መፍትሔ አለው። ገንዳውን በከፊል መሬት ውስጥ ቅበሩት። ከላይ የፕላስቲክ ቤት ሥሩለት። ዙሪያውን በጭድ ወይም በፎም ሸፍኑት። ቴርሞሜትር ግዙና ቀለብ የምትሰጡት እሱን አይታችሁ ይሁን፤ በብርድ ወራት ጠዋት ሳይሆን ከቀትር በኋላ መግቡ። በብርድ ጊዜ የሚጣል ቀለብ ሳይበላ ይበሰብስና ውሃውን ይመርዛል። ሱሉልታ ያላችሁ ደግሞ ቆሮሶን ብትተዉት ይሻላል ባይ ነኝ። ካርፕ የሚባለው ዓሣ ብርድን በጣም ይችላል። አጥንቱ ይበዛል፤ ግን በሕይወት ይቆያል።

«ያቢ ብንጨምርበት ገንዳውን ያጸዳል፣ ራሱም ይሸጣል»

ያቢ አውስትራሊያ ውስጥ ጨው በሌለው ውሃ የሚኖር ክሬይፊሽ ነው። ክሬይፊሽ ጠንካራ ልባስና መቆንጠጫ ያለው የውሃ እንስሳ ነው፤ ትንሽ ሎብስተር ይመስላል። እዚያ ሰዎች በጓሯቸው ከዓሣ ጋር ያረቡታል፤ አገሩ ስለሆነ ያምርበታል። ቪዲዮውን አይቶ «ከየት ላስመጣ?» የሚል ሰው ግን ያሳስበኛል።

በመጀመሪያ፣ ያቢ የወደቀ ቀለብ ይለቅማል እንጂ ገንዳ አያጸዳም። የበላው ተመልሶ ኩስ ይሆናል፤ ከዚያም ዓሣ የሚመርዝ አሞኒያ ይወጣል። ጠንካራ ልባሱን በሚቀይርበት ጊዜ ሰውነቱ ለስላሳ ስለሚሆን ሌሎቹ ያቢዎች ይበሉታል። መደበቂያ ቧንቧ ካልተደረገለት ቁጥሩ በየጊዜው ይቀንሳል። ከ15 ዲግሪ በታች ደግሞ አያድግም። እዚህ ገበያውም ጠባብ ነው፤ ክንፍና ቅርፊት የሌለውን የውሃ እንስሳ የማይበላው ሕዝብ ብዙ ነው።

ከሁሉም የሚከፋው ማምለጡ ነው። ያቢ በእርጥብ ሌሊት ከገንዳ ወጥቶ ይሄዳል፤ ጭቃም ይቆፍራል። በአፍሪካ ዋና ምድር በተፈጥሮ የሚኖር ክሬይፊሽ የለም። ስለዚህ ወንዞቻችንና ሐይቆቻችን አያውቁትም። ኬንያ ናይቫሻ ሐይቅ ላይ እ.ኤ.አ. በ1970 የገባው የአሜሪካ ቀይ ክሬይፊሽ የውሃውን ዕፅዋት አጥፍቷል። ከአውስትራሊያ የመጣ ሌላ የያቢ ዘመድ ደግሞ ዛምቢያ ውስጥ ከእርባታ አምልጦ በዛምቤዚ ተፋሰስ ተዛምቷል። ጣና ላይ እምቦጭ ያደረገውን ያየ ሰው ይህን ለማስረዳት ብዙ ንግግር አያስፈልገውም። እባካችሁ አታስመጡት። ያረባ ሰው ብታገኙም አትግዙ።

«ውሃው ጥርት ካለ ዓሣው ደህና ነው»

አሞኒያ አይታይም። መስታወት የመሰለ ውሃ ውስጥ ዓሣ በአንድ ቀን ሊያልቅ ይችላል። ዓሣ በኩስና በስንጥቡ፣ ማለትም በመተንፈሻው፣ አሞኒያ ያወጣል። ይህን መርዝ አንድ ዓይነት ባክቴሪያ ወደ ናይትራይት፣ ሌላው ደግሞ ወደ ናይትሬት ይለውጠዋል። ናይትራይትም መርዝ ነው። ለአትክልቱ ምግብ የሚሆነው የመጨረሻው፣ ናይትሬቱ ነው።

እነዚህ ባክቴሪያዎች ለመራባት ከአራት እስከ ስድስት ሳምንት ይፈልጋሉ፤ በብርድ ደግሞ ከዚያም በላይ። እንደ እንጀራ እርሾ ቁጠሩት፦ ቀድሞ ከሚሠራ ገንዳ ጥቂት እርጥብ ጠጠር ካገኛችሁና ካከላችሁበት ጊዜው ያጥራል። ካላገኛችሁ ያለ ዓሣ ጀምሩ። ትንሽ የዓሣ ቀለብ ውሃው ውስጥ ጣል አድርጉና ይበስብስ፤ ፓምፑ ይሥራ። በመመርመሪያ ኪት ስትለኩ አሞኒያውም ናይትራይቱም ዜሮ ሆኖ ናይትሬት ሲታይ ያን ጊዜ የዓሣ ጫጩቶቹን አስገቡ። ጫጩት ከመፈለጋችሁ በፊት ሰበታ ያለውን የዓሣ ምርምር ማዕከል ጠይቁ። ሥራቸው ይኸው ነው።

የቧንቧ ውሃ ክሎሪን አለው። ዓሣውንም ባክቴሪያውንም ይጎዳል። ክፍት ዕቃ ውስጥ አንድ ሁለት ቀን አሳድራችሁ ጨምሩ። የአቃቂን ወንዝ ውሃ ግን በጭራሽ አትጠቀሙ፤ የፋብሪካና የከተማ ፍሳሽ የሚሸከም ወንዝ ነው።

«መብራት ለጥቂት ሰዓት ቢጠፋ ምን አለበት?»

ብዙ አለበት። ከፍታችን የአየሩን ግፊት ከባሕር ጠለሉ ወደ ሦስት አራተኛ ያወርደዋል። ውሃ የሚይዘው ኦክስጅንም በዚያው ልክ ይቀንሳል። በ20 ዲግሪ ባሕር ዳርቻ ላይ ያለ ውሃ በሊትር 9 ሚሊግራም ኦክስጅን ሲይዝ፣ የእኛው ከ7 ብዙም አያልፍም። ዓሣ ቢያንስ 5 ይፈልጋል። ብርዱ ትንሽ ያግዛል፤ ቀዝቃዛ ውሃ የበለጠ ኦክስጅን ይይዛልና። ያም ሆኖ መተንፈሻ ጊዜያችን አጭር ነው። ዓሣ የታጨቀበት ገንዳ ፓምፑ ከቆመ በሰዓታት ውስጥ ያልቃል።

ምልክቱን ጎህ ሲቀድ ታዩታላችሁ። ዓሦቹ ሁሉ ከላይ ተሰብስበው አፋቸውን ውሃው ገጽ ላይ ከፈት ዘጋ ያደርጋሉ። እየተጫወቱ ይመስላል፤ እየታፈኑ ነው። ያን ጊዜ ውሃውን በባልዲ እየቀዱ ከከፍታ መልሶ ማፍሰስ ነፍስ ያድናል። ዘላቂው መፍትሔ በመኪና ባትሪ የሚሠራ ትንሽ አየር የሚነፋ ፓምፕ ነው። ከሰላጣው ዘር በፊት እሱን ግዙ። መብራት በጠፋበት ሰዓት ደግሞ አትመግቡ።

«ዓሣው በበዛ ቁጥር ትርፉ ይበዛል»

1,000 ሊትር በሚይዝ ገንዳ ጀማሪ ሰው ከ10 ኪሎ ዓሣ ባያልፍ ጥሩ ነው። ልምድ ያለው 20 ሊደርስ ይችላል። ሂሳቡን እንሥራው። 20 ኪሎ ማለት 300 ግራም የሚመዝኑ 65 ያህል ዓሦች ናቸው። ከቆሮሶ ንጹህ ሥጋው ሲሶው ገደማ ስለሆነ ወደ 7 ኪሎ ፊሌቶ ታገኛላችሁ። ለቤተሰብ ደስ የሚል ምግብ ነው። ሀብት ግን አይሆንም። ዓሣ የሚፈለግበት ወቅት ሁዳዴ ነውና ለመሸጥ ያሰበ ሰው ለዚያ ቢያደርስ ይጠቀማል። አምባዛ አየር ከላይ ስለሚተነፍስ ኦክስጅን ሲያንስ ይችላል፤ ቅርፊት ስለሌለው ግን የማይበሉት ብዙ ናቸው። ቤተሰቡንና ጎረቤቱን አስቀድማችሁ ጠይቁ።

ከአትክልቱ የሚገኘው ጥቅም ይበልጣል ብዬ አምናለሁ። አንድ ካሬ ሜትር የሰላጣ ወይም የቆስጣ መደብ በቀን ከ40 እስከ 50 ግራም የዓሣ ቀለብ የሚያወጣውን ምግብ ይጨርሳል። መደቡን የምትለኩት በዓሣው ቁጥር ሳይሆን በምትሰጡት ቀለብ ነው።

ጥቂት አጫጭር ስህተቶች

«ማንኛውም ጠጠር ይሆናል» ይባላል። አይሆንም። ኖራ ያለበት ድንጋይ የውሃውን አሲድነት ያጠፋና አሞኒያውን የበለጠ መርዛም ያደርገዋል። ጠጠሩ ላይ ኮምጣጤ ጠብ አድርጉ፤ አረፋ ካወጣ ተዉት። ለግንባታ የሚሸጠው ቀይ አሽ ግን ቀላልና ቀዳዳ የበዛበት ስለሆነ ባክቴሪያ ይወደዋል። አቧራው እስኪለቅ ደጋግማችሁ እጠቡት።

«ይሸታል» ይባላል። በደንብ የሚሠራ መደብ የሚሸተው አፈር አፈር ነው። የበሰበሰ ዕንቁላል ከሸተተ ከታች ኩስ ተከማችቷል፤ ጥረጉት።

«ለጎመኑ መድኃኒት እረጫለሁ» የሚልም አለ። የሚረጨው ወደ ዓሣው ይወርዳል። ትሉን በእጅ ልቀሙ።

«ሲደርስ ሁሉንም አውጥቶ መብላት ነው»

ሁሉም ዓሣ በአንድ ቀን ከወጣ ባክቴሪያውም አትክልቱም ይራባሉ። ትልልቆቹን እየለቀማችሁ ጫጩት ተኩ። የሚወጡትን አንድ ሁለት ቀን ሳትመግቡ ንጹህ ውሃ ውስጥ አቆዩ፤ አንጀታቸው ባዶ ይሆናል፣ የጭቃ ጣዕሙም ይቀንሳል። ከዚያ ጭንቅላቱን አንዴ መትቶ ማደንዘዝ፣ ስንጥቡን ቆርጦ ደሙን ማፍሰስና ወዲያው በረዶ ያለበት ውሃ ውስጥ መንከር ነው። ሲፋቅ ቅርፊቱ ከጅራት ወደ ራስ በቀላሉ ይነሣል። አንጀቱን አትክልቱ መደብ ውስጥ አትጣሉ፤ ራቅ አድርጋችሁ ዛፍ ሥር በጥልቀት ቅበሩት።