ወይራ በቶርኖ፦ የጠንካራ እንጨት ሥራ በጎንደር

በጎንደርና በዙሪያዋ ቶርኖ (እንጨቱን እያዞረ በመሮ የሚያስቀርጽ ማሽን) ላይ ከሚወጡት እንጨቶች ባለሙያን የሚፈትነው ወይራ ነው። ዋንዛ ለመሮ የሚመች ስለሆነ ለአልጋና ለቁም ሣጥን ይመረጣል። ደረቅ ወይራ ግን በሜትር ኩብ ወደ 1,000 ኪሎ ግራም ይመዝናል፤ የዋንዛን እጥፍ ገደማ ማለት ነው። ወደ መተማ ቆላ ሲወረድ ከእሱም የሚብስ አለ፦ በሳይንሳዊ ስሙ ዳልበርጂያ ሜላኖክሲሎን የሚባለው ልበ ጥቁር ዛፍ። እሱ ሜትር ኩቡ ከ1,200 ኪሎ ያልፋል፤ ውሃ ውስጥ ይሰጥማል። ክላርኔትና ኦቦ የተባሉት የትንፋሽ የሙዚቃ መሣሪያዎች በአብዛኛው የሚሠሩት ከዚሁ ዛፍ ነው።

ወይራ ለሙቀጫ፣ ለመዶሻና ለመጥረቢያ እጀታ፣ ለበርጩማ እግር ይሆናል። በበአታ ማርያም ቤተ ክርስቲያን የአቋቋም (የዝማሬና የሽብሸባ) ትምህርት በሚሰጥባት ከተማ ለመቋሚያ የሚሆን እንጨትም ፈላጊ አያጣም። ይህ ሁሉ እያለ አብዛኛው ወይራ ለማገዶ፣ ለከሰልና ለጋን ማጠኛ መዋሉ ያሳዝናል።

ሥራውን የሚያበላሸው ከጥንካሬው ይልቅ እርጥበቱ ነው። ጎንደር ክረምቱ ዝናባም፣ በጋው ደረቅ ነው፤ ሐምሌ ላይ በእርጥቡ ተሠርቶ ያለቀ ሳህን ጥር ሳይደርስ ሊሰነጠቅ ይችላል። እንጨት ሲደርቅ በሁሉም አቅጣጫ እኩል አይኮማተርም፤ በዕድገት ቀለበቱ ዙሪያ የሚኮማተረው ከመሃል ወደ ቅርፊት ከሚኮማተረው እጥፍ ሊጠጋ ይችላል። ስለዚህ ግንዱ መጀመሪያ በልቡ ላይ ለሁለት ይሰነጠቃል። ሳህኑ በእርጥቡ በደምሳሳው ይወጣና ግድግዳው የስፋቱን አንድ አሥረኛ ያህል ውፍረት ይተውለታል፤ 30 ሴንቲ ሜትር ለሆነው 3 ሴንቲ ሜትር። ጫፉ ሰም ተቀብቶ ጥላ ውስጥ ለወራት ይቀመጣል። በየጊዜው ሲመዘን ክብደቱ መቀነስ ካቆመ ደርቋል፤ ያን ጊዜ ዳግም ቶርኖ ላይ ይወጣል።

ጉልበት እዚህ ብዙ አይጠቅምም፤ ስለት ነው ቁም ነገሩ። መሮው በትክክል ሲቆርጥ ረጅም ጥቅልል ፍቅፋቂ ይወጣል። ፍቅፋቂው ቀርቶ ዱቄት መብነን ከጀመረ ስለቱ ዶልዱሟልና ሞተሩን አጥፍቶ መሳል ነው። በሞላ (በሚዞር መሳያ ድንጋይ) ሲሳል ጫፉ ሰማያዊ ከሆነ ከተራ ብረት የተሠራ መሮ ጥንካሬውን አጥቷል፤ ሰማያዊው እስኪጠፋ መሞረድ አለበት። ለ25 ሴንቲ ሜትር ሳህን በደቂቃ ከ600 እስከ 900 ዙር ይበቃል፤ ቅርጹ ሚዛን እስኪይዝ ደግሞ ከዚያም ይቀነሳል። የመሮ ማረፊያው ለእንጨቱ መቅረብ አለበት፤ ክፍተቱ ሲሰፋ መሮው ተነጥቆ እጅ ይጎዳል።

በብርጭቆ ወረቀት ሲለሰልስ አደጋው ሙቀት ነው። ወረቀቱን አጥብቆ መጫን ፊቱን እንደ ፀጉር በቀጠነ ስንጥቅ ይሸፍነዋል። ቀለል አድርጎ መያዝ፣ ወረቀቱንም ቶሎ ቶሎ መቀየር ይሻላል። በመጨረሻ የራሱን ፍቅፋቂ በእፍኝ ይዞ በሚዞረው እንጨት ላይ ማስጠጋት ያለ ቫርኒሽ ያወዛዋል። ዱቄቱ ሳንባን ስለሚጎዳ አፍና አፍንጫ መሸፈን የግድ ነው።

በቤተ ክርስቲያን ቅጥር ያሉት ወይራዎች የሚቆረጡ አይደሉም፤ እንዲቆረጡም አልመኝም። የሚበጀው ከፈረሰ ቤት የወጣ አሮጌ ምሰሶ ነው፤ ስንት ክረምትና በጋ አሳልፎ ደርቋልና። እሱን ሲገዙ ማግኔት ይዞ መሄድ ነው፦ እንጨቱ ውስጥ ተሰብሮ የቀረ አንድ ምስማር የመሮን ስለት በቅጽበት ይቆርሰዋል።