ከመድኃኒት ጋር የተሳሰሩ የላቦራቶሪ ምርመራዎች ምደባ

አንድ መድኃኒት ለማን እንደሚሰጥ፣ ለማን እንደማይሰጥና መቼ እንደሚቀየር የሚወስኑ የላቦራቶሪ ምርመራዎች በተቆጣጣሪዎች ዘንድ በየመደባቸው ይመዘገባሉ። መደቡን በዋናነት የሚወስነው የማሽኑ ዘመናዊነት ሳይሆን ውጤቱ ቢሳሳት የሚያስከትለው ጉዳት ነው።

በኢትዮጵያ ቁጥጥሩ በአዋጅ ቁጥር 1112/2011 መሠረት የምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን ኃላፊነት ነው። የምርመራ ኪቶች በሕክምና መሣሪያነት ታይተው ከዝቅተኛው «ኤ» እስከ ከፍተኛው «ዲ» ይመደባሉ።

በብዛት የተጻፈው ግን ስለ አሜሪካ ነው። የሄር2 ፕሮቲን በበዛበት የጡት ካንሰር ላይ የሚሠራው ትራስቱዙማብ እ.ኤ.አ. መስከረም 1998 (ከዚህ በኋላ ያሉት ዓመታትም እንዲሁ እ.ኤ.አ. ናቸው) ሲፈቀድ፣ ታካሚዋን የሚለየው ሄርሴፕቴስት የተባለ ምርመራ በዚያው ቀን አብሮት ተፈቀደ። እንዲህ ያለው፣ ያለ እሱ መድኃኒቱን በአግባቡ መስጠት የማይቻለው፣ ኮምፓኒየን ወይም አጃቢ ምርመራ ይባላል፤ የአገሪቱ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር መመሪያውን በ2014 አጽድቆታል። ቀጥሎ ኮምፕሊመንተሪ የሚባለው መጣ፦ ማን የበለጠ እንደሚጠቀም ይጠቁማል እንጂ መድኃኒቱን አይከለክልም። የሁለቱ ድንበር ቀጭን ነው። በጥቅምት 2015 ለሳንባ ካንሰር በሳምንት ልዩነት ከተፈቀዱት መድኃኒቶች ፔምብሮሊዙማብ ፒዲ-ኤል1 የተባለ ፕሮቲን ምርመራን ግዴታ ሲያደርግ፣ ለኒቮሉማብ ያው ፕሮቲን የሚለካበት ሌላ ኪት በአማራጭነት ብቻ ተመዘገበ። ላቦራቶሪዎች ራሳቸው አዘጋጅተው ለራሳቸው የሚጠቀሙባቸውን ምርመራዎች ወደ ሙሉ ቁጥጥር ለማስገባት በ2024 የወጣውን ደንብ በመጋቢት 2025 የፌዴራል ፍርድ ቤት ሽሮታል።

አውሮፓ ከግንቦት 2022 ጀምሮ ተግባራዊ ባደረገው ደንብ አጃቢ ምርመራን «ሲ» መደብ ላይ አስቀምጦታል።

ወደ ኢትዮጵያ ስንመለስ፣ አዳማ ላይ ጉዳዩ የሚታየው ከካንሰር ይልቅ በቲቢ፣ በኤችአይቪና በወባ ነው። ከተማዋ ከሆስፒታል ሜዲካል ኮሌጇ ሌላ የኅብረተሰብ ጤና ምርምርና ሪፈራል ላቦራቶሪ ማዕከል አላት፤ በኦሮሚያ ስማቸው ከሚጠራ የላቦራቶሪ ተቋማት መካከል ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። ጂን ኤክስፐርት የተባለው የምርመራ ማሽን በሁለት ሰዓት ገደማ ቲቢውን ከመለየት አልፎ ዋና የቲቢ መድኃኒት የሆነውን ሪፋምፒሲንን የተላመደ መሆን አለመሆኑን ያሳያል፤ ታካሚው የትኛውን መድኃኒት እንደሚጀምርም በዚህ ይወሰናል። በአንድ መድኃኒት ስም ስላልተመዘገበ አጃቢ አይባልም የሚሉ አሉ፤ በሥራው ግን አጃቢ መሆኑ አያከራክርም። በደም ውስጥ ያለውን የኤችአይቪ መጠን የሚለካው ቫይራል ሎድ ከዚህ ይለያል፤ የክትትል ምርመራ ሆኖ፣ የኤችአይቪ መድኃኒቱ መሥራት ሲያቆም ወደ ሁለተኛ መስመር መድኃኒት ለመቀየር ይረዳል።

ስምጥ ሸለቆ ላይ ላለች ከተማ ይበልጥ የሚቀርበው ጂ6ፒዲ የተባለው የቀይ ደም ሕዋስ ኢንዛይም ምርመራ ነው። ጉበት ውስጥ ተደብቆ የሚቆየውን የቫይቫክስ ወባ የሚያጠፋው ፕሪማኪን የዚህ ኢንዛይም እጥረት ያለበትን ሰው ቀይ የደም ሕዋስ ሊያፈርስ ይችላል። ፕሪማኪን በየቀኑ ስለሚዋጥ ችግር ሲታይ ማቋረጥ ይቻላል፤ ለዚሁ ወባ በአንድ ጊዜ የሚወሰደው ታፌኖኪን ግን ከሰውነት ቶሎ ስለማይወጣ ቢያንስ 70 በመቶ የኢንዛይም መጠን በቁጥር ተለክቶ ካልተረጋገጠ አይሰጥም።