ዶሪክ ምንድን ነው? የዓምድ ራስ ብቻ አይደለም

ስለ ጥንታዊ የግሪክ ዓምዶች የሚያስረዳ ጽሑፍ ሰሞኑን ደግሞ አየሁ። «የዓምዱ ራስ ጌጥ ከሌለው ዶሪክ፣ ጥቅልል ካለው አዮኒክ፣ ቅጠል ካለው ኮሪንቲያን፤ በቃ፣ ሌላው ዝርዝር ነው» ይላል ጸሐፊው። ለመለየት ይጠቅማል፣ አልክድም። ያናደደኝ «በቃ» የምትለዋ ናት። ዋናው ነገር ያለው እሱ ዝርዝር ብሎ በተወው ውስጥ ነዋ!

የግሪኮቹ ኦርደር (ዶሪክ፣ አዮኒክና ኮሪንቲያን እያንዳንዳቸው) ከታችኛው እርከን እስከ ጣሪያው ጠርዝ ድረስ አንዱ ድንጋይ ከሌላው ጋር የሚያያዝበት ሥርዓት ነው። በእኛ ዜማ አስቡት። ግዕዝ፣ ዕዝልና አራራይ አሉን። አንዲት ድምፅ ነጥሎ ሰምቶ «ይሄ ዕዝል ነው» የሚል መሪጌታ የለም፤ ዜማው የሚታወቀው ከመነሻው እስከ ማሳረፊያው በሚሄድበት መንገድ ነው። የዓምዱ ራስም አንዲት ድምፅ ናት።

ማስረጃው ጥጉ ላይ ነው። በዶሪክ ቤተ መቅደስ ከዓምዶቹ በላይ ትሪግሊፍ የሚባል ባለ ቋሚ ጭረት ድንጋይ በእኩል ርቀት ይደረደራል። አንዱ በየዓምዱ መሃል ትክክል መዋል አለበት። የመጨረሻው ግን ጥጉ ጫፍ ላይ ማረፍ አለበት፤ የጥጉ ዓምድ መሃል ደግሞ ከጫፉ ወደ ውስጥ ገባ ያለ ነው። ሁለቱ አይታረቁም። ስለዚህ ግንበኞቹ የጥጉን ዓምድ ወደ ጎረቤቱ አስጠጉት። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ447 የተጀመረው የአቴንሱ ፓርቴኖን ቤተ መቅደስ ጥጉ ላይ ያለው ክፍተት ከሌሎቹ ጠበብ ይላል። ላይ ያለ ድንጋይ ታች ያለውን ዓምድ ከቦታው አንቀሳቀሰው ማለት ነው። ይሄ እንዴት ዝርዝር ይባላል?

አዮኒክም የራሱ ጣጣ አለው። ጥቅልሉ የሚያምረው ከፊትና ከኋላ ስለሆነ፣ ከሁለት ጎን የሚታየው ጥግ ላይ አንዱን ጥቅልል በ45 ዲግሪ ወደ ውጭ አጠማዘዙት። ኮሪንቲያን ከአራቱም ጎን አንድ ዓይነት ነው፣ ችግሩ የለበትም። ሮማውያን እንዲያ የወደዱት ለቅጠሉ ብቻ አይመስለኝም።

ልኬት የምሠራ ሰው ስለሆንኩ አንድ ነገር ሳልል አላልፍም፦ «የዶሪክ ቁመት የወርዱ ይህን ያህል እጥፍ ነው» የሚል ቀመር ስታዩ ተጠንቀቁ። ፓርቴኖን ላይ ቁመቱ ከታችኛው ወርድ 5 ተኩል እጥፍ ገደማ ነው፤ ጣሊያን ፔስቱም ያሉት የቀደሙት ዓምዶች ግን ደንዳና ናቸው። ቀመሩን በመጽሐፍ ያሰፈረው ሮማዊው ቪትሩቪየስ ሲሆን፣ እሱም የመጣው ከፓርቴኖን 400 ዓመት ገደማ ቆይቶ ነው። ፓርቴኖን ራሱ ውጪው ዶሪክ ሆኖ ከዓምዶቹ ጀርባ ባለው ግድግዳ አናት ላይ ሳይቋረጥ የሚዞር የአዮኒክ ቅርጽ አለው፤ በአንድ ማኅሌት ግዕዙም አራራዩም እንደሚሰማው ማለት ነው።

ዋሽንግተን ያላችሁ በ1922 የተመረቀውን የሊንከን መታሰቢያ ሄዳችሁ እዩ። ዙሪያውን 36 የዶሪክ ዓምዶች ቆመዋል። አሁን ቀና በሉ። ትሪግሊፍ የለም፤ በቦታው የግዛቶች ስም ተቀርጿል። ዓምዱ ዶሪክ ነው። የጥጉን ዓምድ እንዲጠጋ የሚያስገድደው ድንጋይ ግን ከላዩ ተነስቷል።