በቤሊዝ ሸለቆ የማያ አርኪዮሎጂ የክረምት የመስክ ትምህርት

የቤሊዝ ሸለቆ አርኪዮሎጂያዊ ቅኝት፣ በተለምዶ አጠራሩ ቢቫር፣ በምዕራብ ቤሊዝ ሳን ኢግናሲዮ ከተማ ዙሪያ በማያ (የመካከለኛው አሜሪካ ጥንታዊ ሕዝብ) ፍርስራሾች ላይ ተማሪዎችን እያሠለጠነ ምርምር የሚያካሂድ ፕሮጀክት ነው። በ1988 (ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) ያቋቋመው ቤሊዛዊው አርኪዮሎጂስት ሃይሜ አዌ ሲሆን፣ የሥልጠናው ወቅት ዩኒቨርሲቲዎች የሚዘጉባቸው የክረምት ወራት ናቸው። ቤሊዝም በእነዚሁ ወራት ዝናብ ስለሚጀምራት ክረምቱ በሁለቱም ትርጉሙ ክረምት ነው፤ የቁፋሮው ችግር ግማሹ የሚመጣውም ከዚሁ ነው።

ከዚያ በፊት ሸለቆውን በስፋት ያጠናው የሃርቫርዱ ጎርደን ዊሊ ነው። በ1950ዎቹ ባርተን ራሚ በተባለ ሥፍራ ከቤተ መቅደሶች ይልቅ የተራ ገበሬዎችን የቤት ጉብታዎች ቆፈረ። ከዚያ የወጣው የሸክላ ምደባ በ1976 ታትሞ ዛሬም ገል በሚለዩ ሰዎች እጅ ይገኛል።

የፕሮጀክቱ የመጀመሪያው ቁፋሮ የተካሄደው ከከተማዋ በላይ ባለው ኮረብታ፣ በካሃል ፔች ነው። የስሙ ትርጉም “የመዥገር ሥፍራ” ነው፤ ስሙ የወጣለት አካባቢው ግጦሽ በነበረበት ዘመን ነው። ሰዎች እዚህ የሰፈሩት ከክርስቶስ ልደት በፊት ከ1200 እስከ 1000 ባለው ጊዜ ውስጥ ነው። ጊዜውን ወደ እኛ ዘመን የሚያቀርቡ ተመራማሪዎች አሉ፤ ያም ሆኖ የእነዚሁ የመጀመሪያ ሰፋሪዎች የሸክላ ዓይነት የሆነው የኩኒል ሸክላ በማያ ቆላማ ምድር ከሚታወቁት ቀደምት ሸክላዎች አንዱ መሆኑ አያጠራጥርም።

ተማሪ መጀመሪያ የሚማረው ጉድጓድ ማዕዘን ማስያዝ ነው። ሁለት በሁለት ሜትር በሆነ ጉድጓድ ችካሎቹ ተተክለው ሲባጎ ከተወጠረ በኋላ ሰያፉ ይለካል። 2.83 ሜትር ካልመጣ ማዕዘኑ ቀጥ አይደለም፣ ይነቀላል። ጥልቀት የሚለካው ከአንድ ቋሚ ነጥብ በተዘረጋ ሲባጎ ሲሆን ውሃ ልኩ የሚንጠለጠለው በሲባጎው መሃል ላይ ነው። ወደ ዳር ከተጠጋ የሲባጎው እርግበት ንባቡን ያስታል። ሲባጎው ዝናብ ከጠጣ ደግሞ ውጥረቱ ይቀየራል፤ ስለዚህ ከእያንዳንዱ ዝናብ በኋላ እንደገና ይወጠራል።

የሚቆፈረው በንብርብሩ ተከትሎ ነው፤ ከላይ ጥቁር አፈር፣ ከሥሩ የተናደ ድንጋይ፣ ቀጥሎ የኖራ ወለል፣ ከወለሉ በታች ሙሌት፣ ከዚያም የቀድሞው ወለል። ማያዎች አሮጌውን ሕንፃ ሳያጠፉ በላዩ አዲስ ይገነቡ ስለነበር አንድ ጉድጓድ ብዙ ወለሎች ሊያወጣ ይችላል። አፈሩ ቀለሙን ወይም ልስላሴውን በቀየረ ቁጥር አዲስ የመዝገብ ቁጥርና አዲስ ከረጢት ይከፈታል። የጀማሪ ትልቁ ስህተት የበሰበሰ ወለልን ነጭ አፈር መስሎት በማንካ መብሳት ነው። የሙሌት ዕድሜ የሚወሰነው በውስጡ ባለው የመጨረሻ ዘመን ገል ስለሆነ፣ ከወለሉ በላይ የነበረ አንድ የ8ኛው ክፍለ ዘመን ገል ከሥሩ ከመጣው ጋር በአንድ ከረጢት ከገባ መቶ ዓመታት የሚቀድመው ግንብ በወረቀት ላይ “አዲስ” ይሆናል። ይህን የሚያቃናው ደግሞ የለም፤ የተቆፈረ አፈር ተመልሶ አይቆፈርም። ወለሉን ከሁሉ ቀድመው የሚያውቁት ለዓመታት የሠሩት የአካባቢው ቆፋሪዎች ናቸው። ማንካቸው ኖራውን ሲነካ በድምፁ ይለዩታል። የተማሪ ክፍያ ለቁፋሮው ወጪ ይውላል፣ ትምህርቱ ግን በአመዛኙ ከእነሱ ይቀዳል ቢባል ማጋነን አይሆንም።

አፈሩ 6 ሚሊ ሜትር ገደማ ቀዳዳ ባለው ወንፊት ይነፋል። እርጥብ ጭቃ በእጅ ሲጫኑት ቀጭን ገል ይሰበራል፤ ይልቅ እስኪጠፈጥፍ ይቆያል። ለዘመን ምርመራ የሚሆን ከሰል በጣት አይነካም፣ በማንካ ጫፍ ተነሥቶ በፎይል ይጠቀለላል። አጥንት ከታየ ተማሪው እጁን ሰብስቦ ኃላፊውን ይጠራል።

ከሰዓት በኋላ የቤተ ሙከራ ሥራ ነው። ገል በውሃና በጥርስ ብሩሽ ይታጠባል፤ ቀለም ያለበት አይፈተግም፣ የምግብ ቅሪት ሊመረመርበት የሚችል ዕቃ ጭራሽ አይታጠብም። ባልጩት (ኦብሲዲያን የተባለው የእሳተ ገሞራ መስታወት) እርስ በርስ ተጋጭቶ ጠርዙ እንዳይፈረፈር እያንዳንዱ ለብቻው ይታሸጋል። ቤሊዝ የራሷ ባልጩት የላትም፤ እንደ ኤል ቻያልና ኢሽቴፔኬ ካሉ የጓቲማላ ምንጮች የመጣ ነው። በሚገባ ሳይደርቅ ከረጢት የገባ ገል ይሻግታል፣ የወረቀት መለያውም ይበሰብሳል፤ መለያው የጠፋ ገል ደግሞ ከየት እንደመጣ የማይታወቅ ስባሪ ብቻ ነው። የተገኘው ሁሉ የመንግሥት ንብረት ሲሆን ያለ ፈቃድ ከአገር አይወጣም።

የፕሮጀክቱ ዝነኛ ግኝት በ2016 በዚያው ሸለቆ ባለው የማያ ፍርስራሽ በሹናንቱኒች የታየው ነው። በኤ9 ሕንፃ ውስጥ 4.5 በ2.4 ሜትር የሆነ የመቃብር ክፍል ተገኘ። ውስጡ የአንድ ጎልማሳ ወንድ አፅም፣ 36 የሸክላ ዕቃዎች፣ የባልጩት ስለቶችና የጄድ (አረንጓዴ የከበረ ድንጋይ) ዶቃዎች ነበሩበት። በዚያው ሕንፃ ሁለት ጽሑፍ የተቀረጸባቸው የድንጋይ ሰሌዳዎችም ተገኙ። የማያ ከተማ የነበረው የካራኮል ንጉሥ ካን 2ኛ በተቀናቃኙ ከተማ በናራንሆ ላይ የተቀዳጀውን ድል ለመዘከር በ642 ያስመረቀው ደረጃ አካል ናቸው። ከቀሩት የደረጃው ድንጋዮች አብዛኞቹ የተገኙት በናራንሆ ነው፤ ናራንሆ ኋላ ካራኮልን ሲያሸንፍ ነቅሎ ሳይወስዳቸው አልቀረም። እነዚህ ሁለቱ እንዴት ሹናንቱኒች እንደደረሱ ግን ያከራክራል።

ወቅቱ ሲያበቃ ግድግዳው በሚሊ ሜትር ወረቀት ይሣላል፣ ፎቶ ይነሣል። ከዚያ የፕላስቲክ ወረቀት በጉድጓዱ ወለል ይነጠፋል፣ በላዩ የዘመኑ ሳንቲም ይጣላል፣ የተነፋው አፈር ተመልሶ ይሞላል። የሚቀጥለው ቆፋሪ ፕላስቲኩ ላይ ሲደርስ ያልተነካው ንብርብር ከየት እንደሚጀምር ያውቃል።